መመለሻ ያጣ ቁጣ

ዐፄ ቴዎድሮስ የሞቱት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ መቅደላ አምባ ላይ ነው። መንግሥታቸው የሞተው ግን ከዚያ ቀድሞ፣ ደብረ ታቦርን ከብበው ባሉት የበጌምድር ደጋዎች ነው ብዬ አምናለሁ። የእንግሊዝ ጦር ዙላ ላይ ከመርከብ ሲወርድ ጎንደር ከተቃጠለች ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር። ደብረ ታቦርም በራሳቸው በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ነድዳለች። የሠራዊቱ አብዛኛው ክፍል ሌሊት ሌሊት እየከዳ ወደየአገሩ ገብቷል። ጄኔራል ናፒየር የገጠመው ጉልበቱን አስቀድሞ የጨረሰ መንግሥት ነው።

ጉልበቱን ምን ጨረሰው? ይህ ጥያቄ የታሪክ ወዳጆች ብቻ ጉዳይ አይደለም። ዛሬም በፖለቲካው፣ በጎረቤት አገር ጉዳይ፣ በገንዘብ አስተዳደር ሳይቀር “ጨከን ብሎ መምታት ነው እንጂ!” የሚል ሰው ሲነሣ ቴዎድሮስን ምስክር አድርጎ ይጠራል። ምስክርነታቸው ግን እስከ መጨረሻው ይሰማ። የመጀመሪያውን አጋማሽ ብቻ ሰምቶ መፍረድ ንጉሡንም አገሩንም መበደል ነው።

የመጀመሪያው አጋማሽ እውነትም የጭከናን ዋጋ ያሳያል። ደብረ ታቦርን የቆረቆሯት ራስ ጉግሣ ናቸው፤ የየጁ መሳፍንት እዚያ ተቀምጠው፣ ጎንደር ያለውን ንጉሥ ስም ብቻ አስቀርተውለት፣ አገር ይገዙ ነበር። የዚያ ዘመን ጦርነት ባሕርዩ አለመጨረስ ነው። በ1834 ዓ.ም. የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ደብረ ታቦር ድረስ መጥተው የየጁውን ራስ ዓሊን ድል ነሡ፤ ራስ ዓሊም ሸሹ። ውቤ በድንኳናቸው የድል ግብር አግብተው ሳለ የራስ ዓሊ ወገን ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሶ ማረካቸው። ጥቂት ቆይቶ ውቤ ተለቀው ወደ ግዛታቸው ተመለሱ፤ ራስ ዓሊም ወደ ደብረ ታቦር። ያ ሁሉ ሰው አልቆ የተለወጠ ነገር አልነበረም። የፋርጣና የጋይንት ገበሬ ግን የሁለቱንም ጦር ቀልቧል።

የቋራው ካሣ፣ የኋላው ቴዎድሮስ፣ ይህን ልማድ ሰበሩ። ሰኔ 1845 አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፣ የካቲት 1847 ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አድርገው፣ እዚያው ደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ነገሡ። ሕዝቡ ጭከናቸውን የወደደው ጦርነትን ያሳጥራል ብሎ ነው። ደግሞም በዚያን ጊዜ ጨካኝ ብቻ አልነበሩም። ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ ይመለስ ብለው አዋጅ አስነገሩ፤ ዘረፋን ከለከሉ፤ ወታደሩ በባላገር ቤት ተሰሪ ሆኖ ከሚኖር በደመወዝ እንዲያድር ሞከሩ። ሸዋን ሲያስገብሩ ገና ልጅ የነበሩትን ምኒልክን ወስደው በቤታቸው አሳደጉ፤ ኋላም ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩላቸው።

በአገራችን የተሸነፈ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከአሸናፊው ፊት ይወድቃል፤ አሸናፊውም ድንጋዩን አስወርዶ ይምረዋል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ባላባት ወግ ብቻ ያየዋል። እኔ የመንግሥት መሣሪያ ነበር እላለሁ። የሸፈተ ሰው መመለሻ እንዳለው እስካወቀ ድረስ እስከ ሞት አይዋጋም፤ የተሸነፈም አገር ለበቀል ሳይሆን ለእርሻ ይነሣል። ቴዎድሮስ ይህን መሣሪያ በእጃቸው ይዘው ነበር የጀመሩት።

ነገሩ የተበላሸው ከሒሳቡ ላይ ነው። ደመወዝ ከግብር ይመጣል፤ ግብር ደግሞ ረግቶ ከሚያርስ ገበሬ። ጎጃም ላይ ተድላ ጓሉ፣ ሰሜንና ትግራይ ላይ አገው ንጉሤ፣ ወሎ ላይ አመዴ በሽር ሸፍተው ሲቆዩ ከእነዚያ አገሮች የሚገባ ግብር የለም። ያልሸፈተው አገር የሸፈተውን ድርሻ ይሸከማል። ሽፍታ ለማጥፋት ጦሩ ይበዛል፤ የበዛው ጦር ያልሸፈተውን አገር በልቶ ያሸፍታል። በዚህ ላይ ዘመቻ የሚነሣው ክረምቱ ሲወጣ፣ እህሉ አውድማ ሊደርስ ሲል ነው። ጉና ግርጌ ገሳይ አካባቢ ያለ ገበሬ ገብሱን ሳይወቃ ጦር ቢያልፍበት የሚያጣው የአንድ ዓመት ምርት ብቻ አይደለም። ዘሩ ከተበላ፣ ጥማድ በሬው ከታረደ፣ የሚመጣውም ዓመት አብሮ ሄዷል። ወታደሩ በሬውን አንድ ቀን ይበላዋል፤ ንጉሡ ግን ከዚያ ማሳ ለዓመታት ግብር አያገኙም። ቴዎድሮስ በጀመሩበት ዓመት ዘረፋን የከለከሉት ይህ ገብቷቸው ይመስለኛል፤ ኋላ የፈቀዱትም ሳይገባቸው ቀርቶ ሳይሆን ሌላ የሚያበሉት ስላጡ ነው።

ቀዳዳውን ለመድፈን ዓይናቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያን መሬት አዞሩ። ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል፣ የተረፈው መሬት ለሚገብር ገበሬ ይሰጥ አሉ። በሐሳቡ ብዙ ስሕተት አላይበትም፤ ከመቶ ዓመት በኋላም በአገራችን ያነጋገረ ጉዳይ ነው። ስሕተቱ አፈጻጸሙ ላይ ነበር። ካህኑ የንስሐ አባት ነው፤ በየገጠሩ ከንጉሡ አዋጅ ይልቅ የሱ ቃል ይሰማል። ከዚህ ሰው ጋር ሳይመክሩ፣ ሳያካፍሉ፣ በግድ መንጠቅ ከመሬቱ የሚገኘውን ግብር ሁሉ የሚያስከነዳ ዕዳ አመጣ። የቀቧቸው አቡነ ሰላማ እንኳ መቅደላ ታስረው ጥቅምት 1860 እዚያው ዐረፉ። ንጉሡን ሕጋዊ ያደረገው እጅ በንጉሡ ሰንሰለት ውስጥ ሞተ ማለት ነው።

በነዚያ ዓመታት ቅጣቱ እየከበደ፣ የሚገዛው አገር እየጠበበ ሄደ። ሰኔ 1857 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በወሎ በኩል ሸዋ ሲገቡ፣ ንጉሡ በንዴት በእጃቸው የነበሩትን የወሎ መያዣዎች አስገደሉ። ከሟቾቹ አንዱ የወሎዋ ገዥ የወይዘሮ ወርቂት ልጅ ነበር። መያዣ ዋጋ የሚኖረው በሕይወት እስካለ ነው፤ ሲሞት የቀረው ባለ ደም ብቻ ነው። ወርቂት ከዚያች ቀን በኋላ የምትፈራው ነገር አልነበራትም። ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዞች ወደ መቅደላ ሲቃረቡ የአምባውን የወሎ በር የዘጉት የወሎ ሰዎች ናቸው።

በ1858 ክረምት ቆራጣ ላይ ኮሌራ ገባ፤ ጦሩም እየሞተ ወደ ደብረ ታቦር ወጣ። ኅዳር 1859 ጎንደር ተዘረፈች፣ ተቃጠለች፤ ከአብያተ ክርስቲያናቱ የተወሰዱት መጻሕፍት ወደ ደብረ ታቦር፣ ቀጥሎም ወደ መቅደላ ሄዱ። ሐዘኔን መደበቅ አልችልም፤ ያ የብራና ሀብት በኋላ እንግሊዝ አገር የደረሰው በናፒየር ወታደሮች እጅ ቢሆንም፣ ከመንበሩ መጀመሪያ የነቀለው የራሳችን ንጉሥ ነው። በጎንደር ቃጠሎ የተገኘው ሀብት ጦሩን ለስንት ወር አበላ? ብዙም አልቆየም። በዓመቱ ንጉሡ ራሷን በጌምድርን፣ እስከዚያ ድረስ ያልካደቻቸውን አገር፣ መዝረፍ ጀመሩ። በደጉ ዘመን አውሮፓውያን ከ60,000 በላይ ይገምቱት የነበረው ጦር መቅደላ ሲደርስ የሚዋጋው ሰው አሥር ሺህ አይሞላም ነበር። ያን ሁሉ ሰው የበተነው የጠላት ጥይት አይደለም፤ ረኃብና ፍርሃት ናቸው።

የውጭ ጉዳዩም በዚሁ መንገድ ሄደ። ጥቅምት 1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ የሰላም ደብዳቤ ነበር፤ ወዳጅነትና በቱርክ ላይ ድጋፍ የሚጠይቅ። ለንደን መልስ ሳትሰጥ ከረመች። የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ደግሞ ጠላታቸው ግብፅ የምትገዛውን ከሰላን ጎብኝቶ፣ መልስ ሳይዝ መጣ። ቁጣቸው ምክንያት ነበረው፤ ይህን የማይቀበል ሰው ታሪኩን በእንግሊዝ ዓይን ብቻ ያነበበ ነው። በ1856 ቆንስሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። ማሰሩም፣ ግፍነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ያሰቡትን አስገኘ፤ የተረሳው ደብዳቤ መልስ አገኘ። ጥር 1858 ሆርሙዝድ ራሳም የንግሥቲቱን ደብዳቤ ይዞ ገባ። እስረኞቹን ለቀው፣ ክብራቸውን አስጠብቀው ሊለያዩ የሚችሉበት ሰዓት ያ ነበር። እሳቸው ግን ራሳምንም ጨምረው ያዙና የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ይላኩልኝ አሉ።

ይህም ሊሆን ተቃርቦ ነበር። ሚሲዮናዊው ፍላድ መልእክቱን ለንደን አድርሶ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎችንና መሣሪያ እስከ ምጽዋ ድረስ ላከ፤ እስረኞቹ ምጽዋ ሲደርሱ ሠራተኞቹ ይገባሉ ተባለ። የጠየቁት ነገር ከአገሩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ቴዎድሮስ ግን መጀመሪያ ሠራተኞቹ ይምጡ ብለው ጸኑ። ባለሙያዎቹ ወራት ጠብቀው በ1859 ተመለሱ። ከዚያም ለንደን ውስጥ ንግግር የሚሹት ሰዎች ድምፅ ጠፋ፤ ጦር ይላክ የሚሉት አሸነፉ። የአንዱ አገር ጦረኛ የሌላውን አገር ጦረኛ እንዴት እንደሚያነግሥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

እንግሊዞችም ከዚህ ሂሳብ ነፃ አይወጡም። ለአንድ ደብዳቤ መልስ ያልጻፈ መንግሥት ኋላ 13,000 ያህል ወታደር፣ ከ40 የሚበልጡ ዝሆኖች፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር አጋሰስ አዘመተ። ምክር ቤቱ መጀመሪያ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ፈቅዶ ወጪው ከ8 ሚሊዮን በላይ ደረሰ፤ ለዚህም የገቢ ግብር ጨመሩ። ከድሉ በኋላ የመቅደላን ንብረት ዘረፉ፤ የንጉሡን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን ወሰዱ፤ ልጁም በባዕድ አገር በ1872 ዓ.ም. በወጣትነቱ ሞተ። ይህን የሚያስረሳ ምንም የለም።

አንድ ነገር ግን ከነሱ ዘመቻ መማር አለብን፤ የገንዘቡን ነገር። በጊዜው በአገራችን የሚገበየው ጠገራው የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። የኛ ገበሬ ብሩን ሲቀበል በንግሥቲቱ ዘውድና ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ቆጥሮ ነው፤ የፈዘዘውን ይመልሳል። እንግሊዞች ይህን ዐውቀው ከ4 ሚሊዮን በላይ ጠገራ ብር አስመጡ። ከዙላ እስከ መቅደላ ገብስና ሣር፣ ፍየልና ማር በጥሬ ብር እየገዙ አለፉ። ባለ አገሩ ንጉሥ ገበሬውን ሲዘርፍ ባዕዱ ጦር እየከፈለው መጣ። ገበሬው ለማን ገበያ እንዳወጣ መገመት አያስቸግርም። በትግራይ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ በላስታ ዋግሹም ጎበዜ መንገዱን ያልዘጉት አገራቸውን ስለማይወዱ ነው የሚለውን ክስ አልቀበለውም። ከእነሱ ወገን ስንቱ በንጉሡ ጦር ቤቱ እንደነደደ፣ ስንቱ ዘመድ መቅደላ ታስሮ እንደነበር እናስታውስ። መመለሻ የዘጉበት ሰው ለመታደግ አይመጣም።

ስለ ገንዘብ ካነሣሁ አይቀር፣ በዘመናችን ማዕከላዊ ባንኮች የሚሠሩበት ጭከና ከቴዎድሮሱ የሚለይበትን ልናገር። በአሜሪካ ፖል ቮልከር እንደ ፈረንጆቹ በ1981 ወለድ 20 በመቶ ገደማ እንዲደርስ አድርጎ የዋጋ ንረቱን ሰበረ፤ የሥራ አጡ ቁጥርም ከ10 በመቶ አለፈ። የኛ ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 የባንኮች የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ሐምሌ 2016 ደግሞ 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ አወጀ። ሁለቱም ሰው ይጎዳሉ፤ ብድር ያጣ ነጋዴ ቤት ገብቶ ያየ ያውቀዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጥብቅ ፖሊሲ ማብቂያው በቁጥር ይነገራል፤ ንረቱ ሲረግብ ገመዱ ይላላል፤ ብሔራዊ ባንክም ቆይቶ የብድር ጣሪያውን ወደ 18 በመቶ ከፍ አድርጓል። ምን ሲሆን እንደሚያበቃ ያልተነገረ ጥብቅነት ግን ነጋዴውን ከመቅጣት አልፎ ከገበያው ያስወጣዋል፤ የወጣ ነጋዴ ደግሞ ወለዱ ሲወርድ ተጠርቶ አይመለስም።

ወደ ንጉሡ ልመለስ። በጥቅምት 1860 መባቻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑ ያቀለጡላቸውን መድፎች፣ ከነሱም ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በዘቢጥ አድርገው ወደ መቅደላ አመሩ። መድፉ እንዲያልፍ ገደሉን በእጃቸው ጭምር እየቆፈሩ መንገድ ሠሩ። በዚህ ሥራ የታየው ትጋት ዛሬም ያስደንቀኛል። ግን ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ናፒየር ከዙላ ተነሥቶ ያን ሁሉ አገር በሦስት ወር ገደማ ሲያቋርጥ፣ የአገሩ ጌታ በገዛ ግዛታቸው ውስጥ በቀን ጥቂት እየተራመዱ፣ በግራ በቀኝ ገበሬ እያደፈጠባቸው ሄዱ። መድፉ አሮጌ ላይ በስቅለት ዕለት በተደረገው ውጊያ የፈየደው ነገር የለም። ፊታውራሪ ገብርዬ በዚያ ቀን ወደቁ። ሴባስቶፖል ግን እስካሁን መቅደላ ላይ ተቀምጧል።

ይኸው የደብረ ታቦርና የንፋስ መውጫ መንገድ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ዳግም የጦር ግንባር ሆነ፤ ንፋስ መውጫ ተይዛ ነዋሪዎቿ ከባድ ግፍ አዩ። ያ ጦርነት ሁለት ዓመት ገፍቶ ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ በጠረጴዛ ቆመ። ከውጊያው በፊት “ከእንግዲህ ንግግር የለም” ያሉት ሁሉ በመጨረሻ ተነጋገሩ፤ በመሐል ያለቀው ሰው ግን አይመለስም።

የቴዎድሮስን ውድቀት በሌላ መንገድ የሚያስረዱ አሉ። እቴጌ ተዋበች በ1850 ከሞቱ በኋላ፣ እንግሊዛውያን ወዳጆቻቸው ፕላውደንና ቤልም ከተገደሉ በኋላ፣ የሚያረጋጋቸው ሰው ጠፍቶ አእምሯቸው ተናወጠ ይላሉ። ሐዘኑ እውነት ነው። ነገር ግን የአንድ ሰው ሐዘን ጎተራን ባዶ አያደርግም። ከሐዘኑ በፊትም የሸፈተው አገር አልገብር ብሎ፣ ጦሩ ከገቢው በልጦ ነበር። ሌሎች ደግሞ የመሳፍንቱ ክሕደት ነው ይላሉ። መሳፍንቱስ መች ታማኝ ነበሩና? በ1847 የገበሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው። የተለወጠው የነሱ ጠባይ ሳይሆን መግባት የሚያስገኘው ነገር ነው፤ መጀመሪያ ምሕረት ያስገኝ ነበር፣ ኋላ እግር ብረት፣ በመጨረሻም ገደል። በአሮጌ ውጊያ ዋዜማ ብዙ እስረኞች ከእስላምጌ ገደል ተወረወሩ፤ ያን ያየ አንድም ሽፍታ ድንጋይ ተሸክሞ አይመጣም።

ከቴዎድሮስ ቀጥለው ደብረ ታቦር ላይ ብዙ ዘመን የተቀመጡት ዐፄ ዮሐንስ፣ የቀድሞው ካሣ ምርጫ፣ ናቸው፤ በ1872 የግብፅን መልእክተኛ ጎርደንን የተቀበሉትም እዚያው ነው። ጉንደትና ጉራ ላይ ግብፅን ድል ነሥተው ሳለ ከምኒልክ ጋር መጋቢት 1870 ልቼ ላይ በድርድር ታረቁ፤ ሸዋም ንጉሡን ይዞ ገባ። በኋላም የጎጃሙን ተክለ ሃይማኖትን በእጃቸው አነገሡ። ለሚገባ ሰው ክብር መተው ግዛታቸውን አሰፋው። የሃይማኖቱን ነገር ቦሩ ሜዳ ላይ በግድ መያዛቸው ወሎን እንዳቆሰለ ግን አልረሳም።

በ1880 የሱዳን ደርቡሾች ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው ጎንደርን አቃጠሉ። ዮሐንስ ወዲያው ተክለ ሃይማኖት ከምኒልክ ጋር ተስማምቶብኛል ብለው በ1881 መግቢያ በጎጃም ላይ ዘመቱ፤ አገሩንም ጦራቸው አጠፋው። ከደርቡሾቹ ጋር ለመታረቅ የላኩት ደብዳቤ በንቀት ተመለሰ፤ ሸዋን ለመውጋት የተነሣው ጦር ፊቱን ወደ መተማ አዞረ። የከብቱ ዕልቂትና የክፉ ቀን ረኃብ በዚያው ዘመን ነው የገባው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ንጉሡ መተማ ላይ ቆስለው ሲወድቁ ከኋላቸው ያለችው፣ ለዚያ ግንባር ስንቅና ፈረሰኛ መላክ የሚገባት ጎጃም፣ ባለፉት ወራት በራሳቸው ወታደር የተዘረፈች አገር ነበረች።